እሬትን ለቃጠሎ ከመቀባትዎ በፊት ቢጫውን ፈሳሽ ያንጠፍጥፉ

እዚህ ጎንደር በረንዳ ላይ በቆርቆሮ ጣሳ ተተክሎ የምናየው አሎ ቬራ የተባለው የእሬት ዝርያ፣ እንጀራ ሲጋገር የምጣድ ጠርዝ ለፈጀው ጣት ጥሩ ማስታገሻ ነው፤ አስቀድሞ ግን የተቃጠለውን ቦታ ለ20 ደቂቃ በሚፈስ ቀዝቃዛ ውኃ ማቆየት ይገባል። ቅጠሉን ከግርጌው ቆርጠው ለ15 ደቂቃ ያህል ቁልቁል ቢያቆሙት፣ ከልጣጩ ሥር ያለው ቢጫ ፈሳሽ ይንጠፈጠፋል፤ «እንደ እሬት መረረኝ» የሚያሰኘው ይህ ፈሳሽ ቆዳን ሊያሳክክ፣ ሲጠጣም በኃይል ሊያስቀምጥ ስለሚችል፣ በተለይ ነፍሰ ጡር እናቶች ፈጽሞ ሊጠጡት አይገባም። ከዚያ ልጣጩን ገፎ፣ ውስጡ ያለውን እንደ መስታወት የጠራ ዝልግልግ በስሱ መቀባት ነው። ውኃ የቋጠረ ወይም የጠለቀ ቃጠሎ ሐኪም ይየው። በየአጥሩ ሥር የሚበቅለው የአገራችን እሬት ሌላ ዝርያ በመሆኑም ተክሉን ሳይለዩ አይቀቡ።