የቢሮ ኮምፒውተርን ከስልክ ሲከፍቱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ፒችትሪ የተባለው የሒሳብ መመዝገቢያ ፕሮግራም ስልክ ላይ አይጫንም። ስለዚህ ከቢሮ ውጭ ሆነው አንድ ደረሰኝ መመዝገብ ወይም ቀሪ ሒሳብ ማየት የሚፈልጉ የሒሳብ ባለሙያዎች ኮምፒውተርን ከርቀት የሚከፍቱ ፕሮግራሞችን፣ ማለትም ክሮም ሪሞት ዴስክቶፕን፣ ኤኒዴስክን ወይም የዊንዶውስን ሪሞት ዴስክቶፕ ይጠቀማሉ። ፕሮግራሙም ሆነ ፋይሉ ከቢሮው ኮምፒውተር አይነቃነቅም፤ ወደ ስልኩ የሚመጣው የስክሪኑ ምስል ሲሆን፣ ከስልኩ የሚሄደው ደግሞ የጣት ንክኪና የሚተየበው ፊደል ብቻ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመጡት ስልኩን ሲያስተካክሉ ኮምፒውተሩን ከመርሳት ነው።

በጣም የተለመደው ስህተት ኮምፒውተሩ እንዲተኛ መተው ነው። የስክሪኑ መጥፋት ምንም አይጎዳም፤ ኮምፒውተሩ ራሱ ስሊፕ ከገባ ግን ከስልክዎ የሚላከውን ጥሪ የሚመልስ የለም። በፓወር ሴቲንግ ውስጥ ስሊፕን «ኔቨር» ያድርጉት። መብራት ሄዶ ሲመጣ ደግሞ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ብዙውን ጊዜ አንድ ሰው ቁልፉን እስኪጫንለት ድረስ እንደጠፋ ይቆያል፤ ኃይል ሲመለስ በራሱ እንዲነሳ የሚያደርገው ምርጫ በአብዛኞቹ ማሽኖች ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው የኮምፒውተሩ ማስተካከያ) ውስጥ አለ። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) ያላቸውም ኮምፒውተሩን እሱ ላይ ሰክተው የኢንተርኔቱን ራውተር ግን በግድግዳው ሶኬት ላይ ይተዉታል። ኤኒዴስክን በትክክል ሳይጭኑ ካወረዱበት ፎልደር በቀጥታ የሚያስነሱ ሰዎችም ኮምፒውተሩ ሪስታርት ባደረገ ቀን ደጅ ይቀራሉ። ከቢሮ ከመውጣትዎ በፊት ኮምፒውተሩን ሪስታርት ያድርጉ፣ የስልክዎን ዋይፋይ ያጥፉና በሞባይል ዳታ ገብተው ይሞክሩት። በቢሮው ዋይፋይ መሞከር ብዙም ዋጋ የለውም።

የዊንዶውስን ሪሞት ዴስክቶፕ ለማስጀመር ሰዓታት የሚያባክኑም አሉ፤ ኮምፒውተሩ ላይ ያለው የዊንዶውስ ሆም እትም ከሆነ በዚህ መንገድ ከውጭ ሊከፈት አይችልም። የፕሮ እትም ያስፈልገዋል።

ከሁሉም የከፋው ስህተት ራውተሩ ላይ ፖርት 3389ን (ፖርት ማለት ግንኙነት የሚገባበት ቁጥር ያለው በር ነው) ለኢንተርኔት ክፍት ማድረግ ነው። ይህ የሪሞት ዴስክቶፕ የታወቀ በር በመሆኑ፣ ኢንተርኔትን ቀንና ሌሊት እያሰሱ የይለፍ ቃል የሚገምቱ ፕሮግራሞች ሳይውል ሳያድር ያገኙታል። በግንቦት 2019 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነውና ብሉኪፕ የተባለው ክፍተት ደግሞ በቆዩ የዊንዶውስ እትሞች ላይ የይለፍ ቃል እንኳ ሳይጠይቅ የሚያስገባ ስለነበር፣ ማይክሮሶፍት ድጋፉን ከዓመታት በፊት ላቋረጠለት ኤክስፒ ሳይቀር ማስተካከያ ለማውጣት ተገድዷል። የዊንዶውስን ሪሞት ዴስክቶፕ በቪፒኤን (ወደ ቢሮው ኔትወርክ በሚያስገባ የተመሰጠረ መስመር) በኩል ብቻ ይክፈቱ፤ ቪፒኤን ማዘጋጀት ከከበደዎት ራውተሩን መነካካት የማይጠይቀው ክሮም ሪሞት ዴስክቶፕ ይሻልዎታል።

ይሁን እንጂ እሱም የራሱ ጠባይ አለው። የዊንዶውሱ ሪሞት ዴስክቶፕ እርስዎ ሲገቡ የቢሮውን ስክሪን ሲቆልፍ፣ ክሮም ሪሞት ዴስክቶፕና ኤኒዴስክ ግን ካላስተካከሏቸው በስተቀር የሚሠሩትን ሁሉ እዚያው ያሳያሉ። እኔ አንድ ቀን ታክሲ ውስጥ ሆኜ የደመወዝ መክፈያ ዝርዝሩን ሳስተካክል፣ አንድ ባልደረባዬ ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆሞ ማንም ማውሱን ሳይነካው የምትሄደውን ቀስት ሲመለከት ቆይቶ ደወለልኝ። ስለ ቀስቱ ይጠይቀኝ እንጂ የሰውን ሁሉ ደመወዝ አንብቦ ጨርሷል። ከዚያ ወዲህ ከቢሮ ስወጣ ሞኒተሩን አጠፋለሁ።

ለሒሳብ ሠራተኛ ደግሞ የተለየ ጥንቃቄ የሚሻ ነገር አለ። «ሴቭ» ተጭነው ኔትወርክ ሲቋረጥ አልተመዘገበም ብለው ያንኑ ደረሰኝ እንደገና አያስገቡ። የተቋረጠው ምስሉ ነው እንጂ ፕሮግራሙ ቢሮ ውስጥ ሥራውን ቀጥሏል፤ ተመልሰው ሲገቡ መጀመሪያ መዝገቡን ይመልከቱ፤ አለበለዚያ አንድ ክፍያ ሁለት ጊዜ ተመዝግቦ የባንክ ማስታረቂያው በወሩ መጨረሻ አልገጥም ይላል። ፒዲኤፍ ሲያስቀምጡም የሚቀመጠው ኮምፒውተሩ ላይ በመሆኑ ስልክዎ ውስጥ አይፈልጉት።

በጣት ትንንሽ አዶዎችን መንካትም ያሳስታል፤ መተግበሪያውን ጣትዎ ቀስቷን ወደሚገፋበት የትራክፓድ ስልት ይቀይሩት።

የኤኒዴስክ ቁጥርዎን ከባንክ ነኝ ብሎ ለሚደውል ሰው አይንገሩ፤ ሊገባ የሚጠይቀውንም «አክሰፕት» አይበሉት። ስልክዎ ከጠፋብዎት ደግሞ ሲም ካርዱን ለማዘጋት ከመሄድዎ በፊት በሌላ መሣሪያ ገብተው የጉግል መለያዎን ከጠፋው ስልክ ያስወጡ፤ በክሮም ሪሞት ዴስክቶፕ የሚገቡበትንም የኮምፒውተሩን ፒን ይቀይሩ።