ፍላሹን ወደ ግድግዳው አዙሩት፦ ለሰርግና ለቤት ፎቶግራፍ ፍላሽ እንዴት እንደሚመረጥና እንደሚሠራበት

ጎጃም ውስጥ ጥር ከገባ ፎቶ አንሺ እንቅልፍ የለውም። ቅዳሜ ደብረ ማርቆስ ሰርግ ያነሳል፣ እሑድ ደምበጫ ይጠራል፣ ሰኞ ፍኖተ ሰላም መልስ አለ። የሥራው ቦታ ሁሉ ደግሞ ብርሃን የሚያስቸግርበት ነው። ጠዋት ሙሽራዋ የምትለብስበት ክፍል ጠባብና ጨለማ ነው፤ ቀትር ላይ አጃቢው በጠራራ ፀሐይ ይቆማል፤ ሲመሽ ጭፈራው በአንድ ሁለት አምፖል በሚበራ ዳስ ውስጥ ይደምቃል። ሦስቱም ቦታ ፍላሽ ይፈልጋል፣ ሦስቱም ቦታ ግን አጠቃቀሙ ይለያያል።

በዚህ ሥራ ከቆየሁበት ጊዜ የተማርኩት ትልቁ ነገር አቅጣጫ ነው። ካሜራው አናት ላይ ተቀምጦ ፊት ለፊት የሚበራ ፍላሽ ምንም ያህል ውድ ቢሆን የሰውን ፊት እንደ ምጣድ ጠፍጣፋ ያደርገዋል። ግንባር ያብለጨልጫል፣ አፍንጫና ጉንጭ ቅርጻቸውን ያጣሉ፣ ከኋላ ግድግዳው ላይ ጥቁር ጥላ ይለጠፋል። ብርሃኑ በሌንሱ አጠገብ ገብቶ ከዓይን ውስጠኛው ግድግዳ ላይ ስለሚመለስም ዓይን ይቀላል። ያው ፍላሽ ወደ ጎን ዞሮ ነጭ ነገር ላይ ካረፈ በኋላ ሲመለስ ግን በመስኮት የገባ ብርሃን ይመስላል። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ይህን ለማድረግ የሚያስችል ነው።

ከመግዛት በፊት ካሜራውን መፈተሽ

ፍላሽ የሚሰካው በካሜራው አናት ላይ ባለው የብረት ማስገቢያ ነው። ማስገቢያው መካከል ላይ አንዲት ክብ ነጥብ አለች፤ ለፍላሹ የመብራት ትእዛዝ የምትሰጠው እሷ ናት። ይህች ነጥብ የሌለችባቸው ካሜራዎች አሉ። ካኖን 2000ዲ፣ 4000ዲ እና 250ዲ ከእነዚህ መካከል ናቸው። ለማንኛውም ካሜራ ይሆናሉ ተብለው የሚሸጡት ርካሽ ማኑዋል (ጉልበታቸው በእጅ ብቻ የሚስተካከል) ፍላሾች እነዚህ ላይ ቢሰኩ አይበሩም። ለካኖን ተብሎ የተሠራ ፍላሽ ያስፈልጋችኋል። ጀማሪ ብዙ ጊዜ የሚይዘው እነዚህኑ ካሜራዎች ስለሆነ፣ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ካሜራችሁን ይዛችሁ ሄዳችሁ እዚያው ሱቁ ውስጥ አብርታችሁ እዩ።

ከፊልም ዘመን የተረፈ አሮጌ ፍላሽ ከዘመድ ቤት ካገኛችሁ ደግሞ ዝም ብላችሁ አትሰኩት። አንዳንዶቹ በመገናኛ ነጥባቸው ላይ ከ200 ቮልት በላይ ያወጣሉ፤ ይህ ዲጂታል ካሜራን ሊያቃጥል ይችላል። መልቲሜትር ያለው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ በአንድ ደቂቃ ይለካላችኋል። የማንኛውንም ፍላሽ ሆድ ግን ራሳችሁ አትክፈቱ። ውስጡ ኃይል የሚያጠራቅመው ዕቃ ባትሪው ከወጣ በኋላም ሰውን ክፉኛ ሊመታ ይችላል።

የትኛውን ልግዛ?

የመጀመሪያው መለኪያ የፍላሹ አናት ነው። ወደ ላይም፣ ወደ ግራና ቀኝም መዞር አለበት። ወደ ላይ ብቻ የሚነሳ ከሆነ ካሜራውን በቁመቱ ይዛችሁ ስታነሱ ብርሃኑ ከቁጥጥራችሁ ይወጣል።

ሁለተኛው ጉልበቱ ነው። የፍላሽ ጉልበት ጋይድ ነምበር በሚባል ቁጥር ይለካል። ይህን ቁጥር ለአፐርቸሩ (ለሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) ቁጥር ስታካፍሉት፣ በአይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ባለው ስሜት) 100 ብርሃኑ የሚደርስበትን ርቀት በሜትር ታገኛላችሁ። ቁጥሩ 36 የሆነ ፍላሽ በአፐርቸር 4 (ኤፍ 4) እስከ 9 ሜትር ይደርሳል ማለት ነው። የካኖን 430 ኢኤክስ እና 600 ኢኤክስ ስማቸው ራሱ ከዚህ የመጣ ነው፤ 43 እና 60። ሆኖም ፋብሪካዎች ይህን ቁጥር የሚጽፉት የፍላሹ አናት ብርሃኑን አጥብቦ በሩቅ ሲወረውር ተለክቶ ስለሆነ፣ ሁለት ፍላሾችን ስታወዳድሩ በአንድ ዓይነት ዙም የተለኩ መሆናቸውን አረጋግጡ። ከግድግዳ ላይ የሚመለስ ብርሃን ብዙ ጉልበት ያጣል፤ መንገዱም ይረዝማል፣ ግድግዳውም የተወሰነውን ይውጠዋል። ትንንሽ ፍላሾችን የማልመክረው በዚህ ምክንያት ነው።

ሦስተኛው የቲቲኤልና የማኑዋል ምርጫ ነው። ቲቲኤል ያለው ፍላሽ የብርሃኑን መጠን ከካሜራው ጋር ተነጋግሮ በራሱ ይወስናል፤ ሰው በሚሯሯጥበት ሰርግ ላይ ይጠቅማል፣ ዋጋውም ከፍ ይላል። ማኑዋሉን እናንተው ከሙሉ ጉልበት እስከ 1/128 ድረስ ትቀንሱታላችሁ። ለመማር የተነሳ ሰው በማኑዋል ቢጀምር ይሻላል እላለሁ፤ ብርሃን ምን እንደሚሠራ በእጁ ያውቀዋል። ጎዶክስ ቲቲ600 ለዚህ ጥሩ ነው፤ ከላይ በጠቀስኳቸው ነጥብ በሌላቸው ካሜራዎች አናት ላይ ሲሰካ ግን አይበራም። የሬዲዮ መቀበያው አብሮት ስላለ፣ በትሪገር (ካሜራው ላይ በሚሰካ የሬዲዮ ማዘዣ) ከካሜራው አርቃችሁ ልታበሩት ትችላላችሁ። ስሙ ላይ ያለው «ቲቲ» ከቲቲኤል ጋር እንዳይምታታባችሁ፤ ቲቲ600 ማኑዋል ብቻ ነው።

ባትሪውን በተመለከተ፣ አብዛኛው ፍላሽ አራት ድንጋይ ይበላል። ቻርጅ የሚደረጉትን ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ድንጋዮች ግዙ። ላያቸው ላይ 1.2 ቮልት የሚል ታያላችሁ፤ ከተለመደው 1.5 ቮልት አነሰ ብላችሁ አትስጉ፤ ፍላሹን ከተራው ድንጋይ ይልቅ ፈጥነው ይሞላሉ። ሁለት ወይም ሦስት ስብስብ ይኑራችሁ፣ እያንዳንዱን ስብስብ በቀለም ምልክት አድርጉበት፣ አዲሱን ከአሮጌው አትቀላቅሉ። መብራት ሊጠፋ ይችላልና ለቅዳሜ ሰርግ ሐሙስ ማታ ሞልታችሁ እደሩ።

ቤት ውስጥ፦ ነጭ ነገር መፈለግ

ወደ አንድ ቤት ስትገቡ ከሰው ሰላምታ ቀጥሎ ዓይናችሁ ግድግዳና ኮርኒስ ላይ ይረፍ። በነጭ ማዳበሪያ ከረጢት ወይም በአቡጀዴ የተወጠረ ኮርኒስ ለፎቶ አንሺ በረከት ነው። በኖራ የተቀባ ግድግዳም እንዲሁ። አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ የተቀባ ግድግዳ ላይ ግን ፍላሽ አታሳርፉ፤ ቀለሙን ይዞ መጥቶ የሰውን ፊት ያጠቁረዋል፣ ኋላ በኮምፒውተር ማስተካከልም ያደክማል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ካሜራውን ማኑዋል ላይ አድርጉና ሹተሩን (መዝጊያው ተከፍቶ የሚቆይበትን ጊዜ) 1/125 ሰከንድ፣ አፐርቸሩን ኤፍ 4፣ አይኤስኦውን 400 አስይዙ። ፍላሹን ሳታበሩ አንድ ፎቶ አንሱ። ክፍሉ ጨለም ብሎ፣ ነገር ግን ዕቃው ሁሉ እየተለየ ከታየ ጥሩ ነው፤ ጨርሶ ከጠቆረ አይኤስኦውን ወደ 800 ከፍ አድርጉ። ቀጥሎ ፍላሹን በ1/8 ጉልበት አብሩና አናቱን ከእናንተ ጎን ወይም ትከሻ ኋላ ወዳለው ነጭ ነገር አዙሩት። ቢቻል ከመስኮቱ ወገን ይሁን፤ በቤቱ ካለው ብርሃን ጋር አንድ አቅጣጫ ሲይዝ ሰው ሠራሽነቱ አይታወቅም። ፊቱ ከጠቆረ 1/4፣ ከነጣ 1/16። የሚነሳው ሰው ፍላሹን በቀጥታ ማየት የለበትም። ያ ከሆነ ግማሹ ብርሃን በአቋራጭ ፊቱ ላይ ያርፋል፣ ድካማችሁም ከንቱ ይሆናል።

ነጭ ነገር ከሌለስ? ከሉማሜ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ የገጠመኝን ልንገራችሁ። የሙሽራዋ አያት ቆብ የደፉ እማሆይ ናቸው። ቤቱ ጭቃ ቤት ነው፤ ኮርኒስ የለውም፣ ወራጁና ማገሩ በጢስ ብዛት ጥቀርሻ ለብሷል። ፍላሹን ወደ ላይ ባበራ ጥቀርሻው ይውጠዋል። ቸኩዬ ፊት ለፊት አበራሁ። እማሆይ እጃቸውን ዓይናቸው ላይ ጋርደው «ልጄ፣ ዓይኔን ወጋኝ እኮ» አሉ። ካሜራውን አውርጄ «ይቅር ይበሉኝ እማሆይ፣ ሁለተኛ ወደ እርስዎ አላበራም» አልኳቸው።

የሙሽራዋ ወንድም አዲስ ጋቢ ለብሶ በር ላይ ቆሞ ነበር። ጋቢውን ተዋስኩት። ሁለት ልጆች ጫፍና ጫፉን ይዘው ከመስኮቱ አጠገብ ከራሳቸው በላይ ወጠሩልኝ። ባለ ቀለሙ ጥለት ወደ ውጭ እንዲታጠፍ አደረግኩ፤ ጥለቱ ፊት ላይ ቀለም እንዳይጥል ነው። ፍላሹን ከጋቢው አንድ ሜትር ያህል አርቄ ወደ እሱ አዞርኩት። በ1/4 ጉልበት፣ አይኤስኦ 800። ብርሃኑ በእማሆይ ግራ ጉንጭ ገብቶ ቀስ እያለ ወደ ቀኝ ደበዘዘ። አንገታቸው ላይ ያለው የልጅነት ንቅሳት መስመር በመስመር ታየ፣ በዓይናቸው ውስጥም የጋቢው ነጭ መልክ እንደ ትንሽ መስኮት ቁጭ አለ። ፎቶውን ሳሳያቸው «ይኼስ አልታወቀኝም» አሉ።

ከዚያ ወዲህ ነጭ ጋቢ ከቦርሳዬ አይጠፋም። አራት ድርብ ጥጥ ስለሆነ ብርሃን ብዙም አያሳልፍም፣ አብዛኛውን ይመልሳል። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ ፍላሹን ጨርቁ ላይ አስጠግታችሁ በሙሉ ጉልበት አታብሩ፤ ሊያቃጥለው ይችላል። ስስ ነጭ ጃንጥላ ካገኛችሁ ደግሞ ፍላሹን ከጀርባው አድርጋችሁ በጨርቁ ውስጥ አሳልፉት፤ ለስላሳ ብርሃን ይሰጣል። ጥቁሩ ጃንጥላ ለዚህ አይሆንም።

ቡና ሲፈላ የምታነሱ ከሆነ ፍላሹን ከጎን ወይም ከኋላ አምጡት። የዕጣኑ ጢስ ያን ጊዜ ነጭ ሐር መስሎ ሲወጣ ይታያል። ከካሜራው በኩል ከበራ ጢሱ እንደ ጉም መካከል ላይ ገብቶ ቡና የምታፈላዋን ይሸፍናታል።

ቀትር ላይ፦ የዓይን ጥላን ማንሳት

በጠራራ ፀሐይ ፍላሽ ማብራት ለብዙ ሰው እንግዳ ነው። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ግን ዓይን ጉድጓድ ውስጥ ይገባል፣ ኮፍያ ያደረገ ሰው ግማሽ ፊቱ ይጠፋል። ሰዎቹን ጀርባቸውን ለፀሐይ እንዲሰጡ አድርጉና ፊታቸውን በፍላሽ ሙሉት። ሹተሩን ከ1/200 አታሳልፉ፤ የካሜራችሁ ገደብ 1/250 ሊሆንም ይችላል። ከዚያ ከፈጠነ መዝጊያው ሙሉ በሙሉ ሳይከፈት ፍላሹ ስለሚበራ በፎቶው አንድ ጎን ጥቁር ሰንበር ይወጣል። አይኤስኦ 100፣ ሹተር 1/200፣ ኤፍ 11 አካባቢ ይሆናችኋል። ቅድም ያነሳነውን 36 ለ11 ብታካፍሉት 3 ሜትር ከምናምን ስለሆነ ጠጋ ብላችሁ አንሱ። ቀጥታ ማብራት የምፈቅደው እዚህ ብቻ ነው፤ ዋናው ብርሃን ፀሐይዋ ስለሆነች ፍላሹ ጥላውን ብቻ ያነሳል።

ጥር 23 ቀን እንጅባራ የአገው ፈረሰኞች በዓል ላይ ከሄዳችሁ ፈረስ ሲጋልብ ፍላሽ አታብሩ። ከዚያ ርቀት ብርሃኑ አይደርስም፣ ቅርብ ከሆናችሁ ደግሞ ፈረሱ ይበረግጋል፣ ፈረሰኛውም ይወድቃል።

ነጭ ልብስና የዳሱ ማታ

ቲቲኤል የምትጠቀሙ ከሆነ ይህን ልብ በሉ። ነጭ ነጠላና ቀሚስ ፎቶውን ሲሞላው ካሜራው ብርሃን የበዛ ይመስለውና ፍላሹን ይቀንሰዋል፤ ነጠላው አመድማ፣ ፊቱ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። የፍላሹን ማካካሻ (ቲቲኤል የወሰነውን ብርሃን የምትጨምሩበትን ወይም የምትቀንሱበትን ማስተካከያ) ወደ +1 ጠጋ አድርጉት። ከዚያ ፎቶውን አጉልታችሁ የጥለቱ ጥልፍ መለየቱን እዩ፤ ጥልፉ ከጠፋ አልፋችኋል።

ዳስ ውስጥ ሁለት ችግር አለ። አንደኛው የሸራው ቀለም ነው፤ ሰማያዊ ሸራ ላይ ፍላሽ ብታሳርፉ ሙሽራዋ የታመመች ትመስላለች፣ ስለዚህ እዚያም ጋቢው ይወጠር። ሁለተኛው ርቀት ነው። ርቀት እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ ሩብ ይሆናል። አንድ ሜትር ላይ የቆመው ሚዜ ከሚያገኘው ብርሃን አራት ሜትር ላይ ያሉት ሙሽሮች የሚደርሳቸው አንድ አሥራ ስድስተኛው ብቻ ነው። ሚዜው ነጥቶ ሙሽሮቹ የሚጠፉት በዚህ ነው። ከጎን በኩል ቆማችሁ ሁሉም ከፍላሹ እኩል እንዲርቁ አድርጉ።

ቢጫ አምፖል ካለ በፍላሹ ፊት ብርቱካናማ ማጣሪያ ለጥፉ፣ የካሜራውንም ቀለም ወደ አምፖል ምልክት አዙሩት። ያለዚያ ሰው ነጭ፣ ዳሱ ቢጫ ሆኖ ለሁለት ይከፈላል። እስክስታ ሲጀመር ሹተሩን ወደ 1/30 አውርዱ፣ ፍላሹን 1/32 ጉልበት ላይ አድርጉ፣ አይኤስኦውን 1600። በዚህ ጉልበት ብልጭታው ከ1/5000 ሰከንድ በታች ስለሚቆይ የትከሻውን ምት ቀጥ አድርጎ ይይዘዋል፤ ቀሪው ጊዜ የአምፖሉንና የጭብጨባውን እንቅስቃሴ ይሰበስባል። ከአሥሩ ሁለቱ ቢሳኩላችሁ ጥሩ ነው፣ ስለዚህ ብዙ አንሱ። በሙሉ ጉልበት በተከታታይ ግን አታብሩ፤ ፍላሹ ግሎ ሊቃጠል ይችላል።

በስልክ የምታነሱ ሰዎች፣ የስልኩ ፍላሽ ትንሽ የኤልኢዲ አምፖል ነው፣ ጉልበትም የለውም። አጥፉትና ሌላ ሰው በስልኩ ባትሪ ከጎን በኩል ነጠላ ላይ ያብራላችሁ።

ፍላሹ ቦርሳ የሚገባበት ቦታ

በዘጌ ኡራ ኪዳነ ምሕረትም ሆነ በሌሎቹ የጣና ገዳማት የመቅደሱን ሥዕል ስታነሱ ፍላሽ አይበራም። ካሜራው በስህተት እንዳያበራ ፍላሹን ነቅላችሁ ቦርሳ ውስጥ ክተቱት፤ ከካሜራው ጋር አብሮ የተሠራ ከሆነም አጥፉት። አስቀድማችሁ የገዳሙን አባቶች ፈቃድ ጠይቁ። ከዚያ አይኤስኦውን 3200 አድርጉ፣ በበሩና በመስኮቱ የሚገባው ብርሃን በየትኛው ሥዕል ላይ እንደሚያርፍ ጠብቁ፣ ክርናችሁን ከጎናችሁ አጣብቁ፣ ትንፋሻችሁን ያዙና አንሱ።