ሙሽራዋን አታጥቁሯት

ሰርግ፣ ምርቃት፣ የምግብ ቤት ሜኑ፣ የድርጅት ስብሰባ። አዲስ አበባ ላይ በካሜራ የሚተዳደር ሰው ሥራ አይመርጥም። ረዳት ሆነው የሚመጡት ልጆች ጎበዞች ናቸው፤ ስህተታቸው ግን ሁሌም ያው ነው።

ዋናው ነጭ ልብስ ነው። ስንቴ እንደተናገርኩት! ካሜራ ያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ሊያደርገው ይታገላል። ሙሽራዋና ሚዜዎቿ በሐበሻ ቀሚስ ተሰልፈው ፍሬሙ በነጭ ሲሞላ «ብርሃን በዛ» ብሎ ይቀንሳል። ነጠላው ግራጫ ይሆናል፣ ፊታቸውም ይጠቁራል። ልጁ ስክሪኑን ያይና «በፎቶሾፕ አስተካክለዋለሁ» ይላል። አታስተካክለውም! የጨለመ ፊት በግድ ሲበራ አሸዋ የነሰነሱበት ይመስላል። ያንን ለመሸፈን ቆዳውን ያለሰልሳል። ማለስለሱ አላምር ሲለው ያነጣዋል። በመጨረሻ የሙሽራዋ እናት አልበሙን ገልጠው «ይቺ ደግሞ የማን ልጅ ናት?» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ጠይም ልጅ ሰጥተዋችሁ ቀይ ልጅ መለሳችሁላቸው።

የኤክስፖዠር ማካካሻውን፣ ማለትም ካሜራው የመረጠውን ብርሃን መጨመሪያና መቀነሻውን፣ ወደ +1 ገፋ አድርጉና ስክሪኑን እዩ። ጥለቱ አካባቢ ብልጭ ድርግም የሚል የብርሃን በዛ ማስጠንቀቂያ ካለ የሸማው ክር እየጠፋ ነው፤ ትንሽ መልሱት። በራው (RAW)፣ ካሜራው ሳያቀናብር በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል፣ አንሱ። ሙሽራው ጥቁር ሱፍ ለብሶ ብቻውን ሲቆም ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ያኔ ቀንሱ።

ፍላሹን ወደ ላይ አዙሮ ማንሳት ነጭ ጣሪያ ላለው ሳሎን ነው። ቢጫ ድንኳን ውስጥ የሚወጣላችሁ ቢጫ ሰው ነው።

ተክሊል ላይ የት መቆም እንደሚፈቀድላችሁ ካህናቱን ቀድማችሁ ጠይቁ። ጫማ ማውለቁንማ አልነግራችሁም።

ምግብ ስታነሱ መብራታችሁን በባዶ ሳህን ጨርሱ። ትኩስ ምግብ አይጠብቅም። ቅቤው ይረጋል፣ የእንጀራው ጠርዝ ይደርቃል። አንዴ ረዳቴ ሌንስ ሲመርጥ ሲያማርጥ ጥሬው ክትፎ ጠቆረ። ሁለተኛው ሳህን ከእኛ ሒሳብ ተቆረጠ።

ስብሰባ ላይ ሥራ አስኪያጁን ብስኩት ሲያኝኩ አታንሷቸው። ካነሳችሁም አትላኩት።

ሜሞሪ ካርድ ፎርማት የሚደረገው ፎቶው ሁለት ቦታ መገልበጡን በዓይናችሁ ካያችሁ በኋላ ነው። መልስ ላይ ካርድ ሞልቶበት የሰርጉን ያጠፋ ልጅ አውቃለሁ። አሁን የመኪና ደላላ ነው።

ቀብድ ሳትቀበሉ ደግሞ ቀን አትያዙ። ጥር ላይ ያመለጠ እሁድ አይተካም። ስንት ፎቶ፣ ስንት ገጽ አልበም፣ መቼ እንደሚደርስ፣ ሁሉም ይጻፍ። «ዘመድ አይደለን እንዴ?» ቢሏችሁም ይጻፍ። «ያነሳኸውን በሙሉ ስጠን» የሚል አይጠፋምና፣ ያልተመረጠው ፎቶ ይሰጥ እንደሆነና እንዳልሆነም እዚያው ይግባ።