ድረ ገጽዎ በስልክ ሲበላሽና ከጎግል ሲጠፋ፦ ችግርና መፍትሄ ለደሴና ለኮምቦልቻ ድርጅቶች

ደሴ ፒያሳ ያለ የሆቴል ባለቤት የድርጅቱን ድረ ገጽ የሚያየው በእንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ላይ ባለው ሰፊ ኮምፒውተር ነው፤ ከኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ወጥቶ የሐረጎን ዳገት እየወጣ አልጋ የሚፈልገው እንግዳ ግን ያንኑ ገጽ የሚከፍተው በስልኩ ነው። ጎግልም ገጹን የሚያየው በእንግዳው ዓይን ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 አስታውቆ በ2023 ማጠናቀቁን በገለጸው አሠራር መሠረት፣ አንድን ድረ ገጽ አንብቦ በማውጫው የሚመዘግበው በስልክ በሚታይበት መልኩ ነው። ከሐምሌ 2024 ወዲህ ደግሞ በስልክ ጨርሶ የማይከፈት ድረ ገጽ አይመዘገብም።

ጥገና ከመጀመርዎ በፊት ድረ ገጽዎ በጎግል ፍለጋ እንዴት እንደሚታይ የሚያሳየው የጎግል መሣሪያ፣ ጎግል ሰርች ኮንሶል ውስጥ ገብተው ፐርፎርማንስ የሚለውን ክፍል ይክፈቱና የስልኩንና የኮምፒውተሩን ውጤት ጎን ለጎን ያመሳክሩ። የወረደው የስልኩ ብቻ ከሆነ የአቀራረብ ወይም የፍጥነት ጉድለት ይጠርጥሩ። ሁለቱም እኩል ከወረዱ ግን «ስልኩማ ምን አደረገ?» ብለው አይለፉት፤ ማውጫው አንድ ብቻ ስለሆነና የሚሞላውም ከስልኩ ገጽ ስለሆነ፣ በስልክ ላይ የጎደለ ጽሑፍ ለኮምፒውተር ፈላጊም የጎደለ ነው።

ምልክት፦ በኮምፒውተር ሁሉም ነገር ተሟልቶ ሳለ ገጹ ከፍለጋ ውጤት ወርዷል

ከሁሉም የሚያደናግረው ይህ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ላስረዳ። ኮምቦልቻ ውስጥ የግንባታ ዕቃ ለሚያቀርብ አንድ ድርጅት ድረ ገጽ ስሠራ፣ የስልኩ ገጽ እንዳይጨናነቅ ብዬ የዕቃዎቹን ዝርዝርና የማጓጓዣውን ማብራሪያ ከስልኩ መልክ አውጥቼ ለኮምፒውተሩ ብቻ ተውኩት። ገጹ አማረ፤ ነገር ግን ሰዎች ስለ ቆርቆሮና ስለ ብረት ሲጠይቁ ድርጅቱ መታየቱን አቆመ። ጥፋቱ የእኔ ነበር። መፍትሄው ጽሑፉን መቁረጥ ሳይሆን በአርእስት ሥር አጥፎ ማስቀመጥ ነው፤ ሲነካ የሚዘረጋ ጽሑፍ ከገጹ ጋር አብሮ እስከመጣ ድረስ ጎግል ያነበዋል። ለስልክ ብቻ የተሠራ የተለየ አድራሻ ያለው የቆየ ድረ ገጽ ካለዎት፣ ሁለቱን እያመሳሰሉ ከመድከም ይልቅ በማንኛውም ስክሪን ልክ ራሱን ወደሚያስተካክል አንድ ገጽ መዛወሩን እመርጣለሁ።

የዚሁ ችግር ሌላው መልክ በአካባቢያችን እጅግ የተለመደ ነው። የአማርኛ ፊደል በድረ ገጽ ላይ ይበላሻል በሚል የቆየ ፍርሃት፣ የምግብ ዝርዝሩም ሆነ የአገልግሎት ዋጋው በግራፊክስ ባለሙያ እንደ ፖስተር ተሠርቶ በፎቶ መልክ ይለጠፋል። በኮምፒውተር የሚነበበው ፖስተር በስልክ ስክሪን ላይ ሲጠብ ፊደሉ ከጉንዳን ያንሳል፤ ጎግልም በፎቶው ውስጥ ያለውን ጽሑፍ እንደ ተራ ጽሑፍ አይቆጥረውም። የኢትዮጵያ ፊደል የዓለም ፊደላት በኮምፒውተር በሚጻፉበት የጋራ ሥርዓት፣ በዩኒኮድ ከተካተተ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሩብ ምዕተ ዓመት አልፎታል፤ ስለዚህ ዝርዝሩን በቀጥታ በአማርኛ ይጻፉት፣ ፎቶው ካስፈለገም ለጌጥ ብቻ ይቆይ።

ጽሑፉ በስልክ እየታየም ገጹ ካልተመዘገበ፣ ጎግል የትኛውን ክፍል እንዲያነብ የሚነግረው ሮቦትስ የሚባለው ፋይል፣ የገጹን መልክና አሠራር የሚወስኑትን የሲኤስኤስና የጃቫስክሪፕት ፋይሎች እንዳልከለከለ ያረጋግጡ። በሰርች ኮንሶል የገጹን አድራሻ አስገብተው ቀጥታ ፍተሻ ሲያዝዙ፣ ጎግል በስልክ መልኩ ያየውን ምስል ያሳይዎታል። አጥር የሌለው ግቢ የሚመስል ባዶ ምስል ከመጣ መንስኤውን አገኙት ማለት ነው።

ምልክት፦ ገጹ በስልክ ሲከፈት ተኮማትሮ ይመጣል፣ ለማንበብ በሁለት ጣት መሳብ ያስፈልጋል

መንስኤው ብዙውን ጊዜ አንድ መስመር መቅረቱ ነው። በገጹ ኮድ (ኤችቲኤምኤል) ራስጌ ላይ ቪውፖርት የተባለው ትእዛዝ ከሌለ፣ የስልኩ ብሮውዘር ገጹ ለኮምፒውተር የተሠራ ነው ብሎ በመገመት 980 ፒክሰል ያህል ስፋት ይሰጠውና አጥብቦ ያሳየዋል። ባለሙያዎ የገጹን ስፋት ከስልኩ ስፋት ጋር የሚያስተካክለውን ይህን መስመር በመነሻ መጠን 1 ያስገባው፤ ተጠቃሚው እንዳያጎላ የሚከለክለውን ቃል ግን አይጨምርበት፣ ዓይናቸው የደከመ ደንበኞች አሉና።

ከዚያ በኋላ ገጹ ወደ ጎን የሚንሸራተት ከሆነ፣ ስፋቱ በቁጥር የተቸነከረ ሠንጠረዥ ወይም ፎቶ አለ፤ ከፍተኛ ስፋቱን መቶ በመቶ ማድረግ ይበቃል። አማርኛ ግን የራሱ ጣጣ አለው። ቃሎቻችን ቅጥያ እየደራረቡ ስለሚረዝሙ፣ ለእንግሊዝኛ የተሠራ የዲዛይን አብነት ላይ «እንዲያስይዙልን» የሚል ቁልፍ ከሳጥኑ ይወጣል። የአርእስቱን መጠን ለስልክ ለብቻ ዝቅ ማድረግ፣ ለቁልፉም «ይያዙ» እንደሚለው አጭር ቃል መምረጥ ይሻላል።

ምልክት፦ ገጹ ለመከፈት ይዘገያል

እዚህ ላይ ዋናው ተጠያቂ ፎቶ ነው። ከስልክ ካሜራ እንደወጣ 4 ወይም 5 ሜጋባይት የሚመዝን የክፍል ፎቶ በቀጥታ ከተጫነ፣ ኔትወርኩ ሲዳከም እንግዳው ሳይጠብቅ ወደሌላ ሆቴል ይሄዳል። ጎግል ጥሩ የሚለው፣ ገጹ ሲከፈት በስክሪኑ ላይ ያለው ትልቁ ፎቶ ወይም ጽሑፍ በ2.5 ሰከንድ ውስጥ ሲታይ ነው። የፎቶውን ስፋት ወደ 1200 ፒክሰል ግድም ዝቅ ያድርጉት፣ ፋይሉን በሚያቀለው በዌብፒ ቅርጽ ያስቀምጡት፣ ከታች ያሉት ፎቶዎች ተጠቃሚው ሲደርስባቸው ብቻ እንዲጫኑ ያድርጉ፤ ላይኛውን ዋና ፎቶ ግን በዚህ መንገድ አያዘግዩት።

ሁለተኛው ተጠያቂ ፎንቱ ነው። የእኛ ፊደል ከ300 በላይ ምልክቶች ስላሉት ፋይሉ ይከብዳል፤ አራት ዓይነት ውፍረት ከመጫን አንድ ወይም ሁለት መርጦ፣ ፎንቱ እስኪደርስ በስልኩ ላይ ባለው ፊደል እንዲነበብ ማድረግ ይቻላል።

ፎቶው ሲደርስ ጽሑፉ ከጣት ሥር እየዘለለ የሚሸሽ ከሆነ፣ የፎቶው ስፋትና ቁመት በኮዱ ስላልተጻፈ ነው፤ ይጻፍ።

ምልክት፦ ሰው ገጹን ያያል፣ ግን አይደውልም

ስልክ ቁጥሩ በፎቶ ላይ ተጽፎ እንደሆነ፣ ወይም ሲነካ የማይደውል ተራ ጽሑፍ እንደሆነ ይመልከቱ። የደሴና የኮምቦልቻ መደበኛ ስልክ በ033 ይጀምራል፤ በሚነካው ሊንክ ውስጥ ግን ዜሮው ተነሥቶ +251 33 ተብሎ ካልተጻፈ ከውጭ አገር የሚደውል ዘመድ አያገኝዎትም። ቁልፎቹ ለአውራ ጣት የሚበቁ፣ ቢያንስ 48 ፒክሰል ይሁኑ። ገና ሲገባ ገጹን የሚሸፍን የማስታወቂያ መስኮትም ያንሡ፤ ጎግል እ.ኤ.አ. ከጥር 2017 ጀምሮ በስልክ ላይ እንዲህ ያለውን መስኮት የሚያሳዩ ገጾች ደረጃቸው ሊቀንስ እንደሚችል አስታውቋል።

«በጎግል የሞባይል ፈተና አስፈትኑት» የሚል ምክር እስከ ዛሬ ይነገራል፤ ያ መሣሪያ ግን እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ተዘግቷል። በምትኩ በክሮም ብሮውዘር ውስጥ ያለውን ላይትሃውስ ወይም ፔጅስፒድ ኢንሳይትስ የተባሉትን የጎግል የገጽ መፈተሻዎች ይጠቀሙ። ከጥገናው በኋላ በሰርች ኮንሶል የገጹን አድራሻ አስገብተው ዳግም ምዝገባ ይጠይቁ፣ ቀኑንም በደብተር ይመዝግቡ። ከእውነተኛ ተጠቃሚዎች የሚሰበሰበው የፍጥነት መረጃ የ28 ቀን ድምር ስለሆነ፣ በማግስቱ ቁጥሩ አልተለወጠም ብለው ኮዱን እንደገና እንዳያስነኩ፤ ያ 28 ቀን ሲሞላ ያነጻጽሩ።