ትንሽ ከተማ ለምትኖሩ፣ ታክስ ስታሰሩ ይቺን ክሬዲት እንዳትረሷት

ሚኒሶታ፣ ካንሳስ፣ ሳውዝ ዳኮታ ገጠር ውስጥ ስጋ ፋብሪካ ወይ ሞቴል እየሰራችሁ ልጅ የምታሳድጉ ካላችሁ፣ ኧርንድ ኢንካም ክሬዲት የሚባለው (ታክስ ፋይል ስታደርጉ መንግስት የሚሰጣችሁ ገንዘብ) ለናንተ ነው። እርዳታ አይደለም፣ ለሰራ ሰው የሚሰጥ ነው፣ ከ1975 ጀምሮ አለ። ከደሞዛችሁ ፌደራል ታክስ ባይቆረጥም ይከፈላል፣ ግን ፋይል ካላደረጋችሁ ማንም አይልክላችሁም፣ "ገቢዬ ትንሽ ነው ታክስ አይመለከተኝም" ብሎ የተቀመጠው ሰው ነው የሚያጣው።

የ2025 ገቢ ላይ ሦስትና ከዚያ በላይ ልጅ ላለው እስከ 8,046 ዶላር፣ ለሁለት 7,152፣ ለአንድ 4,328፣ ልጅ ለሌለው (ከ25 እስከ 64 ዓመት ለሆነ) 649። "እስከ" ነው ያልኩት! ገቢ ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ እየቀነሰ ይሄዳል፣ ሁለት ልጅ ያላቸው ባልና ሚስት 64,430 ከደረሱ ዜሮ ነው፣ ስለዚህ ኦቨርታይም ስትገቡ ከርማችሁ ጎረቤት ከናንተ የበለጠ ቢያገኝ የሰረቃችሁ የለም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ልጅ ላይ ነው። ልጁ ከዓመቱ ከግማሽ በላይ አሜሪካ ውስጥ አብሯችሁ መኖር አለበት፣ እናንተም እሱም ለስራ የሚሆን ሶሻል (የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር) ያስፈልጋችኋል። ሀገር ቤት አያቱ ጋ ያለ ልጅ በየወሩ ብትልኩለትም አይገባም። አብሯችሁ የሚኖር ታናሽ ወንድም ወይ የእህት ልጅ ይገባል፣ የአጎት ልጅ ግን አይገባም (ለኛ ወንድም ነው፣ ለአይአርኤስ፣ ለፌደራሉ ታክስ ቢሮ፣ ግን አይደለም)። ልጅ "መዋዋስ" የሚባለውን (የሌላ ሰው ልጅ የኔ ነው ብሎ መሙላት) ደግሞ ተዉት፣ ማጭበርበር ከተባለ 10 ዓመት ትታገዳላችሁ። ባል ወይ ሚስት ኢትዮጵያ ያለ ሰው "ሲንግል" ብሎ እንዳይሞላ፣ ለሚሰራላችሁ ሰው እውነቱን ንገሩት።

የት ይሰራ? እኔ የመጀመሪያ ዓመት ከግሮሰሪው ጎን በታክስ ሰሞን ብቻ የሚከፈት ቢሮ ገብቼ ከሪፈንዴ (ከሚመለስልኝ ገንዘብ) 400 ዶላር ወሰዱብኝ፣ ሌላ አማራጭ ያለ አልመሰለኝም ነበር። አለ! ቪታ ይባላል፣ ታክስ የሚሰራላችሁ የአይአርኤስ ፕሮግራም ነው፣ ነፃ ነው፣ 1-800-906-9887 ደውላችሁ ዚፕ ኮድ ስጡ። ሩቅ ከሆነ ወረቀቱን በኢንተርኔት ተቀብለው የሚሰሩም አሉ። ከፍላችሁም ካሰራችሁ አልፈርምም የሚል ወይም ከሪፈንዱ ፐርሰንት የሚጠይቅ ሰው ጋ አትቀመጡ።

የሁሉንም ስራ ደብልዩ ቱ (አሰሪያችሁ የዓመቱን ደሞዝ ፅፎ የሚሰጣችሁ ወረቀት)፣ የሁሉንም ሰው ሶሻል ካርድ፣ መታወቂያና የባንክ ቁጥር ያዙ። ከልጆቹ ትምህርት ቤት ደብዳቤ ብታወጡ ጥሩ ነው፣ ፖስታችሁ በሳጥን የሚመጣ ከሆነ ደብዳቤው ላይ የቤታችሁ አድራሻ እንዲፃፍ ጠይቁ፣ አይአርኤስ ልጁ የት እንደሚኖር ከጠየቀ የሳጥን ቁጥር ብቻውን አያወጣችሁም።

ጥር ላይ ብትሰሩም ይሄ ክሬዲት ያለበት ሪፈንድ ከፌብሩዋሪ አጋማሽ በፊት አይለቀቅም፣ በህግ ነው፣ ዛሬውኑ ላበድራችሁ የሚላችሁን አትስሙ። ያለፉት ዓመታት አምልጧችሁ ከሆነ ደግሞ እስከ ሦስት ዓመት ወደኋላ መጠየቅ ይቻላል፣ የድሮ ደብልዩ ቱአችሁን ፈልጉት።