ድሬ ላይ የቤት ሥራ በጠዋት ነው

ድሬዳዋ የሚኖር ሰው የቤቱን ሥራ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ቢጨርስ ይሻለዋል። ከዚያ በኋላ ሙቀቱ ጉልበት ይጨርሳል፤ ከሰዓት በኋላማ ጭራሽ ተዉት። ሲነጋ በርና መስኮት ከፍቶ ቤቱን ማናፈስ፣ አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ማንሳት (በደረቁ ከጠረጉት ከወለል ተነስቶ አልጋ ላይ ነው የሚያርፈው)፣ ፀሐይ ስትበረታ ደግሞ መጋረጃውን መዝጋት።

ዋናው ነገር ግን ውሃ ነው። ውሃ መጣ ሲባል ሁላችንም ጄሪካንና በርሜል እንሞላለን። እንደሞላ ወዲያው ይከደን። የደንጌ ትኩሳት የምታስተላልፈው ትንኝ የምትራባው እንዲህ ባለ የተጠራቀመ ውሃ ውስጥ ነው። ድሬ በ2006 ዓ.ም. በሽታውን አይታዋለች። ትንኟ የምትናከሰው ቀን ስለሆነ የማታ አጎበር ብቻውን አያስጥልም። እንቁላሏንም በዕቃው ግድግዳ ላይ ስለምትለጥፍ ውሃውን መድፋት አይበቃም። በሳምንት አንድ ጠዋት የበርሜሉን ውስጥ በብሩሽ ፈተግ ፈተግ ያድርጉት። ግቢ የተጣለ ጎማ ካለም ያስወግዱት።

ማታ ብዙ ሥራ አያስፈልግም። ሳህን አጥቦ፣ የነገ ልብስ አውጥቶ፣ ቁልፍ በቦታው ሰቅሎ መተኛት። ስልክም ቻርጅ ላይ ይሁን፤ መብራት መቼ እንደሚጠፋ ማን ያውቃል?