ቤት ከማየታችሁ በፊት ወረቀት ያዙ

ባሕር ዳር ውስጥ ሰባት ዓመት ቤት አከራይቻለሁ። የራሴን አይደለም፤ ደላላ ነበርኩ። አሁን ሥራውን ትቼዋለሁ። ስለዚህ ያለ ኮሚሽን ላውራችሁ።

ደላላ መጀመሪያ የሚያሳያችሁን ቤት እንድትከራዩት ብሎ አይደለም የሚያሳያችሁ። አንዲት አስተማሪ ትዝ ትለኛለች። አዲስ ሙሽራ ናት፤ ከባሏ ጋር መጣች። በቀጥታ ሽምብጥ ሰፈር ወስጄ ደህናውን ቤት ላሳያቸው እችል ነበር። አላደረግኩትም። መጀመሪያ ረባዳ ቦታ ላይ ያለ ቤት ወሰድኳቸው። ነሐሴ ነበር። ግድግዳውን እስከ ጉልበት ድረስ ሻጋታ በልቶታል። በሩ ሲከፈት እርጥብ ጆንያ ይሸታል። ልጅቷ በነጠላዋ አፍንጫዋን ያዘች። እኔ ምንም አላልኩም።

ከዚያ ሽምብጥ ሄድን። ግቢው ውስጥ የማንጎ ዛፍ አለ። ጥላው ሥር አቆምኳቸውና ዋጋውን እዚያው ነገርኳቸው። ተያዩና ሳቁ። ቤቱ ደህና ነበር፤ እንደዚያ የሚያስቅ ግን አልነበረም። ሥራውን የሠራልኝ ሻጋታው ነው።

ይህንን ማንም አላስተማረኝም፤ ሁላችንም የምናውቀው ነገር ነው። ጉዳዩ ተጠንቶ እንደተጻፈ ያወቅኩት ኋላ ነው። ዳንኤል ካህነማን እና አሞስ ትቨርስኪ የሚባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1974 አንድ ጽሑፍ አወጡ። እዚያ ውስጥ ያለው ሙከራ እኔን ነው የሚያወራው። ሰዎች ፊት ከ0 እስከ 100 ቁጥር የተጻፈበት የዕድል ጎማ ያሽከረክራሉ። ጎማው ተንኮል አለበት፤ 10 ወይም 65 ላይ ብቻ ነው የሚቆመው። ከዚያ ይጠይቃሉ፦ ከተባበሩት መንግሥታት አባል አገሮች ውስጥ ስንት በመቶው የአፍሪካ ናቸው? 10 የወጣላቸው ሰዎች መካከለኛ ግምት 25 ሆነ። 65 የወጣላቸው 45 አሉ። እስቲ አሁን ጎማ ስለ አፍሪካ ምን ያውቃል?

እኔ ጎማ አልነበረኝም፤ አፍ ነበረኝ። አከራዩ 13,000 ብሎኛል። እኔ «18,000 ነው» እላለሁ። ተከራዩ ታግሎ ታግሎ 15,000 ያደርሰዋል። 3,000 ብር አስቀነስኩ ብሎ ደስ ብሎት ይሄዳል። አንዱማ ምሳ ጋብዞኛል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ይሆናል ድስት ጥዶ ማልቀስ የሚባለው ለዚህ ነው። ከቤት ሳትወጡ፣ ደላላ ጋ ሳትደውሉ፣ በሰፈሩ የሚኖሩ ሦስት ተከራዮችን ጠይቁ። የሚያከራዩትን ሳይሆን የሚከፍሉትን። ከሦስቱ መሐለኛውን ዋጋ ያዙና የእናንተን ጣሪያ ጻፉ። ከሥሩ የግድ የምትፈልጉትን ጻፉ። ሦስት ይበቃል፤ ውሃ፣ የራስ ቆጣሪ፣ ለሥራ ቦታ ቅርበት፣ ወይም ሌላ። ማንጎ አትጻፉ።

ደላላው ቁጥር ሲጠራ «ቀንስ» አትበሉት። «ቀንስ» ካላችሁ የእሱ ቁጥር ላይ ቆማችሁ ነው የምትወርዱት። ወረቀቱን አውጡና የራሳችሁን ቁጥር ተናገሩ። «ኧረ በዚህ ዋጋ የለም» ይላል። ይበል። በጭንቅላቴ ይዤዋለሁ አትበሉ፤ በጭንቅላት የተያዘ ቁጥር ከማንጎ ጥላ ሥር 2,000 ብር ይጨምራል።

ቤቱን ከወደዳችሁት ሌላ ችግር ይመጣል። ጥያቄያችሁ ይበላሻል። «ውሃ አለ አይደል?» ትላላችሁ። አለ ይባላችኋል። የጠየቃችሁትም አለ እንዲሏችሁ ነው። «ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? በስንት ሰዓት?» በሉ። ደግሞ ጎረቤት ጋ ሄዳችሁ ያለፈው ተከራይ ለምን እንደወጣ ጠይቁ። በሰባት ዓመት ውስጥ ይህንን የጠየቁ ሰዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። እነሱን እፈራቸው ነበር።

በዚህ መሐል የኔ ስልክ ይጮኻል። «ሌላ ሰው ቀብድ ሊያስይዝ እየመጣ ነው» እላለሁ። የሚደውለው ጓደኛዬ ነው። አንድ ሌሊት ሳታድሩበት ቀብድ አታስይዙ። ይኸው ነው።

አሁን የራሴን ጉድ ልንገራችሁ። ሰው እያታለልኩ የኖርኩት ሰውዬ ያገለገለ ባጃጅ ገዛሁ። በሦስተኛው ወር ሞተር ወረደ። አሠራሁ። ደግሞ ወረደ። አሁንም አሠራሁ። በየጊዜው «ይህን ሁሉ አውጥቼባት እንዴት እተዋታለሁ?» እላለሁ። ስለ ሦስተኛው ጥገና ከራሴ ጋር ስጨቃጨቅ ታላቅ እህቴ ቡና እያፈላች ትሰማኛለች። ረከቦቱን አስተካከለችና፣ «ወንድምዓለም፣ ይቺ ባጃጅ ዛሬ ያንተ ባትሆን፣ እንዲህ እንዳለች በዚህ ዋጋ ትገዛታለህ?» አለችኝ።

«አብጃለሁ እንዴ!» አልኳት።

«እንግዲያው በየወሩ እየገዛሃት ነው» አለችና ሁለተኛውን ቀዳችልኝ።

በሳምንቱ ሸጥኳት። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም የሚለውን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ማወቄ አልረዳኝም፤ የእህቴ ጥያቄ ነው የረዳኝ። እናንተም አንድ ነገር ውስጥ ገንዘብ ስትጨምሩ ያንን ጥያቄ እንዳለ ውሰዱት። ሱቅ ይሁን፣ ትምህርት ይሁን፣ ያላለቀ ቤት ይሁን፣ ያው ነው።

ከዚያ ወዲህ ደብተር ይዣለሁ። ትልቅ ነገር ስወስን አራት መስመር እጽፋለሁ፤ ቀኑን፣ የወሰንኩትን፣ ከአስር ስንት እርግጠኛ እንደሆንኩ፣ እና ምን ባይ ሐሳቤን እንደምቀይር። ባጃጇን ከሸጥኩ በኋላ ለሰው ሁሉ «ድሮም ልቤ አልወደዳትም ነበር» እል ነበር። እያልኩም አምን ነበር። እርግጡን የነገረኝ በግዢው ቀን የጻፍኩት የስልኬ ማስታወሻ ነው። «ምርጥ ዕቃ። ዘጠኝ ከአስር» ይላል።

ለሁሉም ነገር ደብተር አውጡ ማለቴ አይደለም። ጣና ላይ በታንኳ የሚቀዝፍ ሰው ሰማዩን አይቶ «ዛሬ አይሆንም» ካለኝ፣ ለምን ብዬ አልጠይቀውም። እሱ በየቀኑ ይወጣል። ሲሳሳት ሐይቁ በዚያው ቀን ይነግረዋል። የታንኳውን ደንገል አጥብቆ የሚያስረው በዚህ መንገድ ተምሮ ነው። እኛ ግን ቤት የምንከራየው በሦስት ዓመት አንዴ ነው። ስንሳሳት የሚነግረን የለም፤ ጭራሽ ምሳ እንጋብዛለን።

እዚህ ላይ የሐይቁ ነገር አንድ ሌላ ያስታውሰኛል። የጀልባ አደጋ በተሰማ ሰሞን ዘመዶቼ ወደ ዘጌ በጀልባ አንሄድም ይላሉ። ማታ ግን ባጃጅ ላይ አምስት ሆነው ተደራርበው ይመለሳሉ። ቶሎ ትዝ የሚል ነገር ሁሉ ብዙ ጊዜ የሚደርስ ይመስለናል። ፍርሃት ሲይዛችሁ ይህን ነገር መቼ ነው የሰማሁት በሉ። ትናንት ከሆነ ትንሽ ቆዩ።

ባለፈው ወር እኔው ራሴ የምኖርበት ቤት ፈለግኩ። ደላላው ወጣት ነው፤ አያውቀኝም። መጀመሪያ አንድ ጣሪያው የሚያፈስ ቤት አሳየኝ። ሳቄ መጣ። ሁለተኛው ቤት ላይ ስልኩ ጮኸ። ሳቄን ዋጥኩት። አድሬ ተመለስኩና ወረቀቴን አወጣሁ፤ 9,000 ይላል። 9,500 ተከራየሁት።

ማንጎ ነበረው።